ጥገኛው የትኛው ነው

ወደ ዛፉ የሄድኩት ሽንቴ ስለመጣ ነው እንጂ ዛፍ አይቼ ስለማላውቅ አይደለም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወንድሜ ዛሬም ድረስ ለዘመዱ ሁሉ «እትዬን ዛፍ ላሳያት ብዬ መኪና ባስቆም ጉድ አፈላችብኝ» እያለ እንደሚያወራ ስለሰማሁ ነው። ማን አስቁም አለው? የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «እዚህ ጋ ትንሽ እንረፍ» ያለው ራሱ ነው። ለምን እንዳለ ያን ሰዓት አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ሠላሳ ሁለቱን የእግር ስፌት መኪና ስረግጥ ነው የኖርኩት። እናታችን ስትሞት እኔ ሃያ፣ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርቴን ትቼ ቱታና የተማሪ ሸሚዝ እየሰፋሁ አሳደግኩት፣ አስተማርኩት፣ የፋብሪካ ቦይለር ቴክኒሺያን ሆነ፣ ዳርኩት። የሠርጉን ኮት የሰፋሁለትም እኔ ነኝ። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ስለሚል ገበሩ ውስጥ ጥጥ ደብቄበት ነበር፤ ሚስቱ ራሷ ከሠርጉ በኋላ ነው ያወቀችው።

ፋብሪካው የመኖሪያ ቤት ሲሰጠው አብሬው ገባሁ። የፊተኛው ክፍል የኔ ሆነ፤ ቀን ቀን እሰፋበታለሁ፣ ማታ ማታ እተኛበታለሁ። ልጁንም በዚያው ክፍል በጨርቅ ቁርጥራጭ እያጫወትኩ አሳደግኳት። ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ «ሚጢጢ» ያልኳት ስም ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አባቷን በአንድ ራስ ቁመት ትበልጠዋለች፣ ሚጢጢ ሲሏት ግን አቤት ትላለች።

ዘንድሮ ወንድሜ ሩቅ ወዳለ አዲስ ፋብሪካ ተዛወረ። የነበርንበትን ቤት በወሩ መጨረሻ ማስረከብ ነበረብን። በምትኩ አዲሱ ፋብሪካ ግቢው ውስጥ ሌላ ቤት ይሰጠዋል፤ በመስታወት የተዘጋ በረንዳም አለው ተባለ። በረንዳ የሚለውን ስሰማ ልቤ እንዴት እንደዘለለ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር እየሰፋ ዓይኑን ለጨረሰ ሰው ብርሃን ማለት እንጀራው ነው። እኔ እንግዲህ ቤቱን ሳላየው መኪናዬን እዚያ በረንዳ ላይ ተክዬ ጨርሼ ነበር።

ቤቱ የሚሰጠው ቅጽ ተሞልቶ ነው። አንድ ቀን ወንድሜ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሲወጣ አየሁት። የቤቱ ኃላፊ ይላል፣ እሱ። ባለቤት ይላል፣ ሚስቱ። ልጅ ይላል፣ ሚጢጢ። ከነሱ በታች የኔ ስም፣ ከስሜ ጎን ደግሞ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ ጥገኛ።

ጥገኛ ማለት እኮ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ የሚለጠፈው ነው፤ ሰው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሰውዬውን ምግብ የሚበላ ትል። ያንን የእጅ ጽሑፍ ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በልብስ መቁረጫ ጠመኔ ጠረጴዛዬ ላይ እያጻፍኩ፣ «የ‹ጥ›ን እግር አስተካክል» እያልኩ። አስተካክሎታል፤ ምንም አይወጣለትም።

ሲመጣ ቅጹን አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ወረቀት እኮ ነው። ከሚስትና ከልጅ ሌላ ያለ ሰው እዚያ ነው የሚጻፈው፣ ሌላ ቦታ የለውም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰርዘው።»

«ቃል ምን ያደርግሻል?»

«ምንም የማያደርግ ከሆነ ለሚስትህ ጻፍላት። ይሄን ካልሰረዝክ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሳም።»

ይሄን ማለቴን አልክድም። ብያለሁ፤ ያውም ጎረቤት እስኪሰማ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ዘጋሁት። ሸሚዙን ተኩሼ በሩ ላይ እሰቅልለታለሁ፣ ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። በሳምንቱ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ፤ እኔ ቱታ ላይ ዚፕ እየተከልኩ ነበር።

«ተሰርዟል» አለኝ።

ቀና ሳልል «አበጀህ» አልኩት። ምኑ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሌላ ምን ይሰረዛል? ያን ቀን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ቃሉን አሰረዝኩት» እያልኩ ስኮራ ዋልኩ።

የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ በፋብሪካው ፒካፕ። የአዲሱን ቤት ቁልፍ ተረክበን ለማጽዳት ነበር። እኔ የስፌት መኪናዬን ራስ ከእግሩ ፈትቼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ኋላ አስጫንኩ። ወንድሜ «እሱ እንኳን ለሌላ ቀን ይቆይ» ሲለኝ «ምን ይቆያል፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ልይለት እንጂ» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ጋቢና ገባ። አንገቴ ላይ ሜትሬን እንደጠመጠምኩ ወጣሁ፤ ለመጋረጃ መስኮቶቹን ልለካ ነው።

መንገድ ላይ ሚስቱ ተለሳልሳ ተለሳልሳ ልትገድለኝ ነው። እትዬ በመስኮቱ በኩል ሁኚ፣ ነፋስ ያግኝሽ። እትዬ ውሃ ጠጪ። እትዬ ትራሱን ከጀርባሽ አድርጊው። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ጠማሽ ወይ ብላኝ አታውቅም። ዛሬ ምን ነክቷት ነው እያልኩ በሆዴ ስቄባታለሁ። ሚጢጢ ደግሞ ሌላ ቀን ከወፍ ቀድማ የምትንጫጫው ልጅ፣ መሃላችን ጉልበቷን አቅፋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። አሞሻል ወይ ስላት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አንዳንዴ ከነሱ ሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ የኔ ጅልነት ነው፤ ያን ሁሉ እያየሁ ምንም አለመጠርጠሬ።

ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ ነው እንግዲህ ወንድሜ «እንረፍ» ያለው። መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ሽንት ቤት የት ነው ብዬ አንድ አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ብጠይቅ «ከዛፉ ጀርባ» አሉኝ። የትኛው ዛፍ ብዬ ዞር ስል አየሁት፤ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ መስሎኝ ነበር።

ዋርካ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ዙሪያውን ብሄድ ሰባ ሁለት እርምጃ ሆነ። ግንዱ ግንድ አይደለም፤ እንደ ሰው ወገብ የወፈሩ ሥሮች ከላይ ከቅርንጫፍ ቁልቁል ወርደው፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው ነው የተሠራው። በእጄ እየዳሰስኩ መጋጠሚያውን ፈለግኩ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። መጋጠሚያ የለውም። አንዱ ሥር ከሌላው ተጣብቆ፣ ቆዳቸው አንድ ሆኖ ቀርቷል። ጥላው ሥር ሦስት አውቶብስ ቢቆም ይተርፋል። ቆንጆ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ ግን አላለኝም።

ስመለስ ሦስቱም ወርደው፣ ባለባርኔጣው እያስረዷቸው ደረስኩ። ሰውዬው ከደን ሥራ ጡረታ ወጥተው መንገደኛ የሚያስጎበኙ ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ነገሩን ሺህ ጊዜ እንዳወሩት ያስታውቃል።

«ይሄ ዛፍ ከመሬት አልበቀለም» አሉ። «ወፍ ፍሬውን በልታ ሌላ ዛፍ ላይ ታርፋለች፣ ኩሷን ትጥላለች። ዘሩ እዚያው የዛፉ ቅርንጫፍ መሃል ይበቅላል። ከዚያ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል። መሬት እስኪነካ ድረስ ክር ነው፣ ልጅ ይበጥሰዋል። አንዴ መሬት ከነካ ግን ይወፍራል፣ ዛፉን ያቅፈዋል፣ እያደር ያጠብቅበታል። ከላይ ብርሃኑን፣ ከታች ውሃውን ይወስድበታል። በልጅነቱ ጥገኛ ነው፣ ሲያድግ ባለቤት ይሆናል።»

ያችን ቃል ሲያነሷት ጆሮዬ ቆመ።

«ጥገኛው የትኛው ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይሄ የሚያዩት ነዋ።»

«የፊተኛው ዛፍስ?»

«እሱማ ተሸካሚው ነው።»

«አሁን የት አለ?»

«ይግቡ ላሳይዎት» አሉኝ።

በሁለት ሥሮች መሃል ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ። እሳቸው ቀደሙ፣ እኛም ተከተልን። ውስጡ ክፍል ነው፣ ባዶ ክፍል። አምስታችንም ቆመን ቦታ ተረፈ። ቀና ስል የተጠላለፉት ሥሮች እስከላይ ይሄዳሉ፣ በመሃላቸው ብርሃን እየተቆራረጠ ይገባል። ከእግራችን ሥር ያለው አፈር እንደ ዱቄት ይልማል።

«እዚህ ነበር የቆመው» አሉ ሰውዬው። «ከሞተ መቶ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። በስብሶ አለቀ። ይሄ የረገጡት እሱ ነው።»

እግሬን አነሳሁ። የት አሳርፈዋለሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ኮት ነው የመሰለኝ፤ ለባሹ ሞቶ ኮቱ ብቻውን ቆሞ የቀረ። አንጀቴን አንዳች ነገር በላኝ። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ አፌ አያርፍም።

«አየህ ወንድሜ» አልኩት። «ማን ማንን እንደተሸከመ አየህ? አንተ ገልብጠህ ነበር የጻፍከው። ደግነቱ ሰረዝከው።» ወደ ሽማግሌው ዞርኩና «እኔን ጥገኛ ብሎ ጽፎኝ ነበር እኮ ጋሼ። አሳዳጊውን። አሰረዝኩት» አልኳቸው።

ሰውዬው ፈገግ አሉ። ሌላ ፈገግ ያለ የለም። ሚስቱ «እንውጣ፣ ይታፈናል» አለች። ወንድሜ የጫማውን ጫፍ ያያል። ልጅ ሆኖ የሰው መስኮት ሰብሮ ሲመጣ እንደዚህ ነበር የሚያየው።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምንም» አለ።

«አባዬ ንገራት» አለች ሚጢጢ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ካልነገርካት እኔ ነኝ የምነግራት።»

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት እናቷ።

«አክስቴ፣ የተሰረዘው ቃሉ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ስምሽ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ወንድሜ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረ፣ ቶሎ ካለቀ የሚቀልለት ይመስል። ፋብሪካው ከሚስትና ከልጅ ሌላ የሚፈቅደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የኔ ስም ሲወጣ ቦታው ክፍት ሆነ፤ የሚስቱ እናት ገቡበት። ቅጹ ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ከእንግዲህ አይለወጥም። ሴትየዋ ጥገኛ ተብለው ተጽፈዋል፤ ቅር አላላቸውም።

«ቃሉን ሰርዝ አልኩህ እንጂ ስሜን ሰርዝ አልኩህ?»

«አንቺው አይደለሽ እግሬን አላነሳም ያልሽው? እኔ ምን ላድርግ?»

የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አውቃለሁ፤ አፌ ጠላቴ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን ይሄ ሰው እኮ እኔን ያውቀኛል። ሠላሳ ዓመት ስነድና ስበርድ አይቶኛል። «ከፊቴ ጥፋ» ባልኩት በደቂቃው ምሳህን ብላ ያልኩት ስንት ጊዜ ነው? ቁጣዬ ቁጣ እንጂ ቃል እንዳልሆነ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። አውቆ፣ እንዳላወቀ ሆኖ ነው ያመነኝ። ዕድሜ ልኬን አንድ ቀን ቃሌን አክብሮ አያውቅም፤ ያችን ብቻ አከበራት።

«መኪናዬን ስጭን እያየህ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«መንገድ ላይ ልነግርሽ አስቤ ነው። ያስቆምኩትም ለዚሁ ነው።»

«የት ልትጥለኝ?»

«ማን ጣለሽ እትዬ? ለጊዜው አንድ ክፍል እንፈልግልሻለን። እየመጣሽ ትጠይቂናለሽ። እንግዳ ሁለት ሌሊት ማደር ይፈቀድለታል።»

እሳት የሆንኩት ያን ጊዜ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያደረግኩለትን ሁሉ ከነመርፌው ልዘረግፍበት ነበር፤ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። ለማንም ነግሬ የማላውቀው።

«ስማኝ» አልኩት። «እናታችን የሞተች ሰሞን እኔን የሚያገባ ሰው ነበረ። ደህና ሰው ነው፣ እወደው ነበር። ‹ወንድሜን ይዤ ነው የምመጣው› አልኩት። ‹አንቺን ብቻ› አለኝ። ዘመድ ሁሉ ‹ልጁን ለአጎቱ ስጪና ሕይወትሽን ኑሪ› አለኝ። አንተ ጓዳ ውስጥ ተኝተህ ነበር፣ አልሰማህም። ለኔም አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው ተብሎ ነበር፤ የማንን ስም እንደሰረዝኩ ታውቃለህ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀስ ብለው በክፍተቱ ወጡ። ሚጢጢ እያለቀሰች ነው። ሚስቱ ከጀርባዋ ሆና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቁልፍ የሚሰጠው ሰውዬ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው፣ ቅዳሜ ነው» አለች። ውሸት አልተናገረችም፣ እውነቷን ነው። ስለ እውነቷ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ወጣሁ። ሾፌሩን «መኪናዬን አውርድልኝ» አልኩት። ወንድሜን አየው።

«እትዬ ግቢ፣ ሰው አይሳቅብን» አለ ወንድሜ።

«ይሳቅ። አውርደው አንተ ልጅ።»

ሾፌሩ ከነብርድ ልብሱ አቅፎ አወረደውና መንገዱ ዳር አስቀመጠልኝ። ብረት ነው፣ ይከብዳል። ሚስቱ ገባች፣ ሚጢጢን እጇን ይዛ ጎተተቻት። ወንድሜ በሩን እንደከፈተ ቆመ።

«አትገቢም?»

«አልገባም።»

«እዚህ ጥዬሽ ልሂድ?»

ይሄንም ልናገረው፣ ሐፍረቴ ቢሆንም። ያን ሰዓት «አንቺ ካልገባሽ እኔም አልሄድም» ቢለኝ እገባ ነበር። በረንዳውንም፣ ክፍሉንም እተውለት ነበር፤ የሰው ቤት ተከራይቼ የሱን ሸሚዝ መተኮሴን እቀጥል ነበር። በሩን ዘግቶ አጠገቤ ቢቀመጥ ብቻ በቂዬ ነበር። ሰዓቱን አየ። የመጀመሪያውን አውቶብስ እንድሳፈር፣ ስደርስ እንድደውልለት ነገረኝ። ከዚያ ገባ።

መኪናው ተነሳ። ሚጢጢ በኋላው መስታወት መዳፏን ለጥፋ ታየኛለች። እኔ እጄን አላወዛወዝኩም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ፣ አልኩ። አድጎ የማያድግ፣ አልኩ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ብቻዬን ደረደርኩት፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር።

ፒካፑ ወደ ኩርባው ሲቃረብ የኋላ ቀይ መብራቶቹ ሁለቱም በሩ። ቆመ፣ አልኩ፤ ቆመልኝ። ሲመለስ ምን ብዬ እንደምቆጣው፣ እንዴት አድርጌ እንደማስለምነው፣ ከስንት ልመና በኋላ እሺ እንደምለው ሁሉን በአንድ ጊዜ አሰብኩት። ፊቴን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ። አመጣጣቸውን ሳላይ ብሆን ይሻላል ብዬ፣ ለመኪናዬ ጎንበስ አልኩና ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመርኩ። ቀና ስል መብራቱ ጠፍቷል፣ መኪናውም የለም። ፍሬን የያዘው ለኩርባው ነበር።